ደንበኛ መቀየር ክህደት ነው?

በፈረንጆቹ ጁን 6 ቀን 2005 ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ በተሰበሰቡ ፕሮግራመሮች ፊት ቆሞ፣ የአፕል ማክ ኮምፒውተሮች የአይቢኤምን ፕሮሰሰር ትተው ወደ ኢንቴል እንደሚዞሩ አስታወቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች ኢንቴል ተራ ስም አልነበረም፤ የወዲያኛው ሰፈር ስም ነው። አፕል ራሱ በ1998 ባሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ የኢንቴልን ፔንቲየም ቺፕ ጀርባው ላይ ተሸክሞ እያዘገመ ይታይ ነበር። የአፕል ወዳጆች ለዓመታት በዚያ ሲስቁ ኖረው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ቀንድ አውጣው ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ነው ተባሉ።

ይሄን ታሪክ ለሰው ስታወሩት የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ ይታወቃል። ንግድ ነው፤ የተሻለ አቅራቢ አገኙ፣ ቀየሩ፣ በቃ። ሥነ ምግባር ምን ጥልቅ አደረገው? እኔ ግን ይሄ መልስ ሰነፍ መልስ ይመስለኛል። ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ በአብዛኛው ትክክል ነው። ሰነፍ የሚያደርገው ጥያቄውን ሳይሰማው መመለሱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ሠሪ የላፕቶፑን ፕሮሰሰር አቅራቢ ሲቀይር ለማን ምን ዕዳ አለበት? ለአቅራቢው? ለገዢው? ለዚያ ማሽን ብሎ አምስት ዓመት ሶፍትዌር ሲጽፍ ለኖረው ሰው? ላፕቶፑን ሦስተኛ እጅ ሆኖ ለሚገዛው፣ አፕል የሚባል ድርጅት ስሙን እንኳ መዝግቦት ለማያውቅ ሰው?

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለው። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ እናት ገዢዋን "ደንበኛዬ" ትላለች። ገዢውም ዞሮ ስለ እሷ ሲያወራ "ደንበኛዬ ናት" ይላል። አንድ ቃል፣ ለሁለቱም። ማን ለማን እንደከፈለ ቃሉ ግድ የለውም። ሥሩ ደንብ ነው፤ "ደንበኛ ሥራ"፣ "ደንበኛ ምሳ" ስንል ልኩን የጠበቀ ማለታችን ነው። ስለዚህ ቋንቋው ራሱ ይሄ ግንኙነት ሁለት ጫፍ ያለው፣ ልክ ያለው ነገር ነው ብሎ ያምናል። ለዚህም ነው ሰው ሱቅ ቀይሮ በድሮው ሱቅ በር ሲያልፍ ፌስታሉን ወደዚያኛው ጎኑ የሚያዞረው። ምንም ሕግ አልጣሰም። ውል አልፈረመም። ግን ፌስታሉን ያዞራል።

ያ ፌስታል የማዞር ስሜት ከባለሱቁ አልፎ ኢንቴልና አይቢኤምን ለሚያህሉ ድርጅቶች ይሠራል ወይ? አርስቶትል ወዳጅነትን ሦስት ቦታ ሲከፍል አንዱን የጥቅም ወዳጅነት ብሎታል፤ ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፣ ይሄም የሚያስወቅስ አይደለም። ወቀሳ የሚመጣው መቼ ነው? አንደኛው ወገን የጥቅም ወዳጅ ሆኖ ሳለ የልብ ወዳጅ መስሎ ከታየ። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን "ሄደ ወይ?" ብቻ ሳይሆን "ሲኖር ምን መስሎ ኖረ?" የሚለውንም ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ፤ ያለ ብረቱ ነገሩ ወሬ ይሆናል።

አፕል በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣ ውስጡ የነበረው የሞቶሮላ ቺፕ ነው። በ1991 ከአይቢኤምና ከሞቶሮላ ጋር ኅብረት ፈጥሮ ፓወርፒሲ የሚባለውን ፕሮሰሰር አሠራ፤ በ1994 የመጀመሪያዎቹ ፓወርፒሲ ማኮች ወጡ። ማለትም 2005 የመጀመሪያው ፍቺ አልነበረም። በ2003 አይቢኤም የሠራው ጂ5 መጣ፤ ጆብስም መድረክ ላይ ወጥቶ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 3 ጊጋኸርዝ እንደርሳለን ብሎ ቃል ገባ። አሥራ ሁለት ወር አለፈ። ሃያ አራትም አለፈ። በ2005 የጸደይ ወራት ትልቁ የጠረጴዛ ማክ 2.7 ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ከሙቀቱ ብዛት በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ነበር።

የጠረጴዛው ይሁን። ላፕቶፑስ? ጂ5ን ጭን ላይ በሚቀመጥ፣ በባትሪ በሚሠራ፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት በማይሞላ ሳጥን ውስጥ መክተት አልተቻለም። ፓወርቡክ ከ2001 ጀምሮ በነበረበት ጂ4 ላይ ተገትሮ ቀረ። ላፕቶፕ ማለት እኮ ከሁሉ በፊት የሙቀት ጥያቄ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ምን ያህል ይፈጥናል ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሥራ ይሠራል መባል አለበት። የቀረው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ማራገቢያ ደግሞ ባትሪ ይበላል፣ ቦታ ይይዛል፣ ይጮሃል። ጆብስ በዚያ ሰኞ ያቀረበው ስሌት ይሄው ነበር፤ በአንድ ዋት የፓወርፒሲ የወደፊት ዕቅድ 15 ከሰጠን የኢንቴል 70 ይሰጠናል አለ። ቁጥሩ የሻጭ ቁጥር ነው፤ እንደ ሻጭ ቁጥር ውሰዱት። ግን አቅጣጫው ልክ ነበር።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የሞራል ነገር ይመጣል። ጆብስ ለገዢዎች የገባው ቃል በራሱ እጅ ያለ ነገር አልነበረም። 3 ጊጋኸርዝን የሚሠራው አይቢኤም ነው። በሰው እጅ ቃል የገባ ሰው ያ እጅ ሲዝል ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ለባለ እጁ ታማኝ ሆኖ ቃል ለገባለት ሰው ይዋሻል፣ ወይ ለቃሉ ብሎ ባለ እጁን ይለቃል። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። ለአቅራቢ የሚሰጥ ታማኝነት ከገዢው ኪስ የሚከፈል ከሆነ የራስህ አይደለም፣ በሰው ገንዘብ መመጽወት ነው። በዚህ ሚዛን አፕል መሄድ ይችል ነበር ብቻ ሳይሆን መሄድ ነበረበት እላለሁ።

አይቢኤምስ ተጎዳ? እስቲ እንየው። ከ2005 እስከ 2006 ገበያ ላይ የወጡት ሦስቱ የጨዋታ ማሽኖች፣ ኤክስቦክስ 360፣ ፕሌይስቴሽን 3 እና ዊ፣ ሦስቱም የአይቢኤም ፓወር ዘር ፕሮሰሰር ነበራቸው። ማክ ያኔ ከዓለም የኮምፒውተር ገበያ የነበረው ድርሻ ጥቂት ከመቶ ብቻ ነው። አይቢኤም ለላፕቶፕ የሚሆን ጂ5 ላይ ያልተጋበት አንዱ ምክንያት ራሱ ይሄ ይመስለኛል፤ ደንበኛው ትንሽ ነበር። ፌስታሉን ለማዞር የሚያበቃ ነገር የለም።

የሚከብደው ሌላው ነው። በዚያው ንግግር ጆብስ አንድ ምስጢር አወጣ፤ ማክ ኦኤስ ኤክስ ላለፉት አምስት ዓመታት በድብቅ ሁለት ሕይወት ሲኖር ነበር፣ እያንዳንዱ እትም ለፓወርፒሲም ለኢንቴልም ሲዘጋጅ ኖሯል አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ይሄን ሳነብ የማስበው በእነዚያ አምስት ዓመታት ፓወርፒሲ ማክ እየገዛ "ይሄ ቺፕ ከኢንቴል ይበልጣል" የሚል ማስታወቂያ ሲመለከት ስለነበረው ሰው ነው። በአንድ እጅ እያሞገሱ በሌላው እጅ መውጫ መቆፈር!

መውጫ ማዘጋጀቱን አልነቅፍም። እንዲያውም ግዴታ ነው ባይ ነኝ፤ በአንድ አቅራቢ ላይ የተንጠለጠለ ሠሪ አቅራቢው ሲያስነጥስ ገዢዎቹን ይዞ ይወድቃል። መውጫ የሌለው ሰው ደግሞ በነፃነት ታማኝ ነው ማለት አይቻልም፤ ታስሯል። ጥያቄው ድብቅነቱ ነው። አንድ ኩባንያ "ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ይሄን ቺፕ ልንተው እንችላለን" ብሎ ከተናገረ ዛሬ የሚሸጠውን ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል፤ ዝምታውም ይገባኛል። ግን ዝምታና ሙገሳ አንድ አይደሉም። ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሙገሳው ነው ያሳዘነኝ፤ አርስቶትል ያለው የጥቅም ወዳጅ የልብ ወዳጅ መስሎ መታየት ማለት እሱ ነው፣ በተለይ ደግሞ ለገዢው የተደረገ መምሰል።

ፕሮሰሰር መቀየር ሱቅ እንደ መቀየር እንዳልሆነም ልብ በሉ። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዘር የራሱ ቋንቋ አለው፤ ለፓወርፒሲ የተዘጋጀ ፕሮግራም ኢንቴል ላይ ቢጭኑት እንደ ባዕድ ቋንቋ ነው፣ አይገባውም። አቅራቢ መቀየር ማለት አንድ አገር ጠዋት ተነስቶ የመሥሪያ ቤቱን ቋንቋ ሲለውጥ ማለት ነው። ፋይሎቹ አሉ፣ ሠራተኞቹ አሉ፣ ማንም አያነባቸውም። አፕል ለዚህ አስተርጓሚ ሠራ፤ ስሙን ከጥንቱ የግብፅ ድንጋይ ወስዶ ሮዜታ አለው። ሮዜታ ጥሩ አስተርጓሚ ነበር፣ ግን አስተርጓሚ ምንጊዜም ጊዜ ይበላል። ፎቶሾፕን የመሰለ ከባድ ፕሮግራም በራሱ በኢንቴል ቋንቋ የተጻፈ እትም እስኪያገኝ 2007 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ በ2009 የወጣው የማክ እትም ፓወርፒሲ ማሽኖችን ተወ፤ በ2011 የወጣው ደግሞ አስተርጓሚውን ራሱን አሰናበተ። እስከ 2006 ክረምት ድረስ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ የነበረው ፓወርፒሲ ማክ፣ ከተገዛ በሦስት ዓመቱ ለአዲሱ እትም ደጅ ተዘጋበት።

እስካሁን ስለ መሄድ ነው ያወራሁት። አሁን ስላልሄደው ላውራ፤ ታማኝነት በራሱ መልካም ነው ብለን እንዳናስብ የሚያደርገን እሱ ነውና።

በዚያው ዘመን ዴል የሚባለው ኮምፒውተር ሠሪ ከትልልቆቹ መካከል ሙሉ በሙሉ ከኢንቴል ብቻ የሚገዛ ነበር። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2003 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሮቹን አወጣ፤ ለጊዜው ከኢንቴል የተሻሉ ነበሩ፣ እንዲያውም ኢንቴል ራሱ የኤኤምዲን የ64 ቢት አሠራር ወስዶ ተጠቅሞበታል። ሌሎቹ ኤኤምዲን ሲሸጡ ዴል ንቅንቅ አላለም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይሄ የጸና ደንበኝነት ይመስላል። "አይ ዴል፣ ቃሉን የሚያከብር!"

በ2010 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ያቀረበው ክስ የውስጡን አወጣው። ጉሊት ላይ "እስቲ መርቂልኝ" ብለን የምናስጨምራት ነገር አለች አይደል? እንደ ክሱ ከሆነ ኢንቴል ለዴል የሚሰጠው ምርቃት፣ ኤኤምዲን እንዳይሸጥ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ፣ በ2003 የበጀት ዓመት የዴልን የሥራ ትርፍ አሥር ከመቶ ያህል ነበር። በ2006 ወደ 38 ከመቶ ወጣ። በ2007 የበጀት ዓመት የመጀመሪያ ሩብ 76 ከመቶ ደረሰ። ዴል ይሄን ለባለ አክሲዮኖቹ ሳይናገር ትርፉ ከጥሩ አሠራር የመጣ አስመስሎ ነበር የሚል ነው ክሱ። ድርጅቱ ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 100 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጨረሰው።

76 ከመቶ! ይሄ ኮምፒውተር መሸጥ ነው ወይስ ዝም ማለትን መሸጥ? ምርቃት የሚለው ቃል እኛ ጋ ሁለት ትርጉም አለው፣ ጭማሪም ነው ቡራኬም ነው። ሻጭዋ ሁለት ቲማቲም ስትመርቅ ከሸጠችው በላይ ነው የምትሰጠው፤ ነገ ሌላ ቦታ እንዳትገዛ የሚል ውል ከቲማቲሙ ጋር አታስርም። ብታስር ምርቃትነቱ ይቀራል፣ ገመድ ይሆናል። ዴል ታማኝ አልነበረም፤ ኪራይ ላይ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ የዴል ላፕቶፕ የገዛ ሰው ነው፤ የተሻለ ፕሮሰሰር ያለው ዴል ቢፈልግም አያገኝም፣ ለምን እንደማያገኝም የሚነግረው የለም። ዴል በ2006 ኤኤምዲን መሸጥ ጀመረ፤ ኢንቴል በ2009 ከኤኤምዲ ጋር የነበረውን ክርክር በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ዘጋ።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው በ1970 አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጽፏል፤ ስለ መውጣት፣ ስለ ድምፅና ስለ ታማኝነት። ሐሳቡ የተጸነሰው ናይጄሪያ ውስጥ ነው። የባቡር አገልግሎቱ እየተበላሸ ሲሄድ ሰው ሁሉ በዝምታ ወደ ጭነት መኪና ዞረ፤ ባቡሩን ሊያሻሽል የሚችለው ጯኺ ደንበኛ ቀድሞ ስለወጣ ባቡሩ በሰላም መበላሸቱን ቀጠለ። ስለዚህ ለሂርሽማን ታማኝነት ዋጋ ያለው ሰውዬውን በር ላይ ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ እንዲጮህ ስለሚያደርገው ነው። "አስተካክሉ፣ አለዚያ እሄዳለሁ" የሚል ታማኝነት። ሁለቱም ግማሽ ያስፈልጋል። "እሄዳለሁ" የሌለው ልመና ነው፤ "አስተካክሉ" የሌለው ደግሞ ኩርፊያ።

በዚህ ሚዛን የዴል ታማኝነት ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም አፉን የዘጋ ነው። አፕል ከኢንቴል ጋር የኖረበትን 14 ዓመት ስናይ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ኢንቴል በ2010ዎቹ አጋማሽ ቀጣዩን የማምረቻ ደረጃ፣ 10 ናኖሜትር የሚባለውን፣ በተናገረው ጊዜ ማድረስ አቃተው፤ ዓመታት ዘገየ። ላፕቶፕ ሠሪዎች ሁሉ አብረው ዘገዩ። አፕል ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ ቤት እየሠራ ነበር። በ2008 ፒኤ ሴሚ የሚባል ትንሽ የቺፕ ድርጅት በ278 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። በዚያው ዓመት ሃይፋ የተወለደ ጆኒ ስሩጂ የሚባል መሐንዲስ ቀጥሯል፤ ሰውዬው ከዚያ በፊት በኢንቴልም በአይቢኤምም የሠራ ነው። (ፍቺ የሚያስፈጽመው ጠበቃ ከሁለቱም ቤት ያደገ ሲሆን እንዴት ነው ነገሩ?) የስልክ ቺፖችን ከዓመት ዓመት እያሻሻሉ ቆዩና ጁን 22 ቀን 2020 ማክ ከኢንቴል እንደሚወጣ ተነገረ። በኖቬምበር ኤም1 መጣ፤ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተር፣ ማራገቢያ የሌለው ማክቡክ ኤር። ዝም ያለ ላፕቶፕ።

ይሄኛውን መሄድ መንቀፍ በጣም ይከብዳል። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያወቀው ያውቀዋል። ኢንቴል በ2021 ያደረገው ነገር ደግሞ ሐዘኔን ቀነሰው፤ ድሮ በአፕል ማስታወቂያዎች "እኔ ማክ ነኝ" እያለ ይተውን የነበረውን ጀስቲን ሎንግን ቀጥሮ ማክን የሚተች ማስታወቂያ አሠራ። ፌስታል ማዞር ቀርቶ በድሮ ፌስታል መመላለስ!

ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ብዙ ሰው ኤም1ን "አፕል ከአቅራቢ ነፃ ወጣ" ብሎ ይተርከዋል። አልወጣም። ቺፑን ይነድፋል እንጂ አያመርትም፤ የሚያመርትለት ታይዋን ያለው ቲኤስኤምሲ ነው። ቲኤስኤምሲ ደግሞ ለረቂቆቹ ቺፖች የሚያስፈልገውን የብርሃን ማሽን የሚያገኘው ከአንድ ኔዘርላንድ ውስጥ ካለ ድርጅት፣ ከኤኤስኤምኤል ነው፤ ሌላ የሚሠራው የለም። ጥገኝነቱ አልጠፋም፣ ወደ ታች ወርዶ ከዓይን ተሰወረ። ኢንቴልን መቀየር 14 ዓመት ከፈጀ ቲኤስኤምሲን መቀየር ስንት ይፈጃል?

ኢንቴልም ውሎ አድሮ ወደቀ ማለት ይቻላል፤ በ2024 15 ሺህ ያህል ሠራተኛ ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ፣ በ2025 የአሜሪካ መንግሥት አሥር ከመቶ ያህል ድርሻውን ወሰደ። ይሄ የአፕል ጥፋት ነው አልልም። ኢንቴልን የጎዳው በዋናነት የራሱ የማምረቻ መዘግየት ነው። ግን "ኢንቴል" ስንል ሕንፃ አይደለም። ትልቁ የእስራኤል ፋብሪካው ያለው ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩባት በቂርያት ጋት ነው፤ በ2006 የመጀመሪያዎቹ ኢንቴል ማኮች ውስጥ የገባው ኮር ዱዎ የተነደፈው ሃይፋ ነው። አቅራቢ የሚለው ቃል በውስጡ ከተሞች አሉት።

ታዲያ ሠሪው ለአቅራቢው ሠራተኞች ዕዳ አለበት? እንደ ጥገኝነቱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በኤፕሪል 2017 ኢማጂኔሽን ቴክኖሎጂስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት፣ ለአይፎን የሥዕል ፕሮሰሰር ንድፍ ሲያቀርብ የኖረ፣ አፕል በአሥራ አምስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ ንድፉን መጠቀም እንደሚያቆም እንደነገረው ይፋ አደረገ። ከገቢው ግማሽ ያህሉ ከአፕል ነበር። በአንድ ቀን አክሲዮኑ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ፤ በዚያው ዓመት ተሸጠ። አይቢኤም ሲለቀቅ ወደ ጨዋታ ማሽን ዞረ፤ ይሄኛው የሚዞርበት ቦታ አልነበረውም። ሰው ራሱን ችሎ ከቆመ ደንበኛ ሲለይና "አንተን ብዬ" ብሎ ቤቱን በእጅህ ላይ ከሠራ ሰው ሲለይ አንድ ዓይነት መሄድ አይደለም። የሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ መሰጠቱ ጥሩ ነው። በቂ ነው ወይ? ግማሽ ገቢህ ለሆነ ሰው ሁለት ዓመት አጭር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ግማሽ ገቢውን ከአንድ ደጅ ያደረገ ድርጅትም መውጫውን አልቆፈረም።

አሁን ወደ መጨረሻው ሰው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጡ ማክቡኮች ብዙዎቹ አዲስ ሆነው የመጡ አይደሉም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሻንጣ ገብተው፣ አንዴ ወይ ሁለቴ ተሸጠው፣ ዩዝድ ሆነው ነው ተማሪው ወይም ቪዲዮ ኤዲተሩ እጅ የሚገቡት። ይሄ ሰው የ2017 ኢንቴል ማክቡክ ሲገዛ ለአፕል ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። በውል ቋንቋ ከአፕል ጋር ምንም አያገናኘውም። ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ግን እዚያ ማሽን ውስጥ ነው። አፕል በጁን 2025 ማክኦኤስ 26 ኢንቴልን የሚደግፍ የመጨረሻው እትም እንደሚሆን ተናግሯል፤ ከ5,999 ዶላር ጀምሮ እስከ ጁን 2023 ድረስ ይሸጥ የነበረው ኢንቴል ማክ ፕሮ እንኳ እዚያው ላይ ይቆማል። የ5,999 ዶላሩ ገዢ ራሱን ያውቃል። የአራተኛ እጁ ገዢ ነው ደጁ እንደሚዘጋ ሳያውቅ ዛሬም የሚገዛው።

"ከሸጡት ሰው ውጪ ለማንም ዕዳ የለባቸውም" ማለት ይቻላል። ግን ላፕቶፑ ሁለተኛ እጅ ላይ ዋጋ እንደሚያወጣ ለመጀመሪያው ገዢ ሲነገረው ኖሯል፤ "ማክ ዋጋው አይወርድም" የሚለው ዝና ለአዲሱ መሸጫ ይጠቅማል። የዝናው ተጠቃሚ ከሆንክ የዝናው ባለ ዕዳም ነህ። ይሄ ዕዳ ለዘላለም አዲስ እትም ስጡ ማለት አይደለም፤ ያ አይቻልም፣ ፍትሐዊም አይደለም። ስትሄድ ቁልፉን ትተህ ሂድ ነው። ማሽኑን አንተ ባትጠብቀውም ሌላ ሰው ሊጠብቀው እንዲችል አድርግ። ከ2018 በፊት የነበሩት ኢንቴል ማኮች በዚህ ረገድ ደህና ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ ሊኑክስ ያለ ብዙ ችግር ይጫናል፣ አሮጌው ብረት እንደገና ይተነፍሳል። ከዚያ በኋላ ቲ2 የሚባል የጥበቃ ቺፕ የገባባቸው ላይ ሥራው ይከብዳል። በኤም1 እና በኤም2 ላይ ደግሞ አሳሂ ሊኑክስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት አለ፤ አፕል ሌላ ሲስተም እንዳይጫን በሩን አልዘጋም፣ ግን የቤቱን ካርታም አልሰጠም፤ ሰዎቹ ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው ክፍሎቹን ያገኙት።

እኔ አንድ ሠሪ አቅራቢ ይቀይር ወይ ተብዬ ብጠየቅ የምመለከተው ፍጥነቱን ብቻ አይሆንም። ያን ካርታ ይሰጣል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከሰጠ ይሂድ፣ በፈለገው ጊዜ ይሂድ።

የሁለተኛው አስተርጓሚ፣ የሮዜታ 2፣ ዕድሜም ተቆርጧል። እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ እንደ ልቡ ያስተረጉማል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቁራጭ ብቻ ነው፤ አፕል እንዳለው ባለቤት ላጡ፣ ማንም ለማያድሳቸው አሮጌ ጨዋታዎች። የቢሮ ሥራ ይቆማል፣ የሙዚቃ ሶፍትዌር ይቆማል፤ ጨዋታው ይቀጥላል።